ሐኪሙን ይጠይቁ፦ ጠጥቼ አላውቅም፣ ታዲያ ቆሽቴ ለምን ተቆጣ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? የ41 ዓመት ሴት ነኝ፤ አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን አንድ ሌሊት ከእምብርቴ በላይ ተነሥቶ ጀርባዬን ሰንጥቆ የሚወጣ ሕመም ያዘኝ። እንደ ልማዴ ጨጓራዬ ነው ብዬ ኦሜፕራዞል ዋጥኩ፣ ተልባ በጥብጬ ጠጣሁ፤ ሁሉንም አስመለሰኝ። ሲነጋ ባለቤቴ ሆስፒታል ወሰደኝ። «ቆሽትሽ ተቆጥቷል፣ ሐሞት ከረጢትሽ ውስጥም ጠጠር አለ» ተባልኩ። ግሉኮስ ተሰቅሎልኝ፣ ጥቂት ቀን ተኝቼ ወጣሁ፤ አሁን ደህና ነኝ። ግን አማቴ «ይህ የጠጪ በሽታ ነው» እያሉ በጎሪጥ ያዩኛል። እኔ ጠላ እንኳ በአፌ ዞሮ አያውቅም! ደግሞስ ቆሽት ከተቆጣ ኢንፌክሽን አይደለም ወይ? ለምን አንቲባዮቲክ ሳይሰጡኝ ሸኙኝ? ሐሞት ከረጢቱን አስወጪ ብለውኛል፤ ከዳንኩ ወዲያ ቀዶ ሕክምናው ለምን ያስፈልጋል? መጾምስ እችላለሁ?
ሰ.፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ገጽ መጀመሪያ ለአማትዎ ያንብቡላቸው። ቆሽትን በድንገት ከሚያስቆጡ ነገሮች ሁለቱ ግንባር ቀደም ናቸው፤ አንዱ አልኮል፣ ሌላው የሐሞት ጠጠር ነው። ጠጠሩ ደግሞ ከወንድ ይልቅ ሴትን ይወዳል። እርግዝና፣ የሰውነት ውፍረት፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ ሁሉም ያግዙታል። ጠጥተው የማያውቁ፣ ልጆች ወልደው ያሳደጉ ሴቶች በዚህ ሕመም ድንገተኛ ክፍል ሲገቡ ማየት ለእኛ ለሐኪሞች የተለመደ ነው።

ቆሽት ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም አካል ነው። ሁለት ሥራ አለው። ኢንሱሊን ወደ ደም ይለቃል፤ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ደግሞ በቀጭን ቱቦ ወደ ትንሹ አንጀት ይልካል። እነዚህ ኢንዛይሞች ሲመረቱ እንቅልፍ ላይ ናቸው፤ የሚነቁት አንጀት ከደረሱ በኋላ ነው። የሐሞት ቱቦም እዚያው፣ በዚያው በር ይወጣል። የላይኛውና የታችኛው ግቢ ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ወደ መንገድ ሲወጣ፣ ቱቦው አፍ ላይ ድንጋይ ቢወተፍ ሁለቱም ግቢ እንደሚቸገሩት ማለት ነው። ከሐሞት ከረጢት ሾልኮ የወጣ ጠጠር በሩ ላይ ሲቀረቀር ኢንዛይሞቹ ቆሽት ውስጥ እንዳሉ ይነቁና የራሱን የቆሽቱን ሥጋ መፍጨት ይጀምራሉ። ሾልኮ የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ጠጠር ነው። ስለዚህ «ጠጠሬ ትንሽ ናት» ብሎ መጽናናት አያዋጣም።

የያዘዎት ከጾም መፈሰክ በኋላ መሆኑም አልገረመኝም። ቅባት የበዛበት ምግብ ሲበላ ሐሞት ከረጢት ይኮማተራል፣ ውስጡ ያለውንም ወደ ቱቦው ይገፋል። ዶሮ ወጡ ጠጠሩን አልፈጠረውም፤ ከተኛበት ግን ሊያስነሣው ይችላል።

ስለ አንቲባዮቲኩ፦ አልሰጡዎትም እንጂ አልረሱዎትም። ቁጣው የሚነሣው ከነቁት ኢንዛይሞች ነው እንጂ ከተሕዋስያን አይደለም። አንቲባዮቲክ የሚያስፈልገው የሐሞት ቱቦው ራሱ ሲመረዝ ወይም የሞተ የቆሽት ሥጋ በኋላ ኢንፌክሽን ሲይዘው ነው፤ «ለማንኛውም» ተብሎ መስጠት ጥቅም እንደሌለው ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ይናገራሉ። ግሉኮስ ያሉት ፈሳሽም ብዙ ጊዜ ሪንገር ላክቴት የሚባል ጨዋማ ፈሳሽ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ከሕመም ማስታገሻው ጋር ዋናው ሕክምና እሱ ነው። ቀድሞ «ቆሽቱ ይረፍ» እየተባለ በሽተኛው ለቀናት ከምግብ ይከለከል ነበር። አሁን ማስመለሱ ጋብ ካለ በ24 ሰዓት ውስጥም ቢሆን ቅባት የሌለው ምግብ ይጀመራል። ቅቤ ያልገባበት አጥሚት በጣም ጥሩ ነው።

እንደ እርስዎ በሳምንት ውስጥ አገግመው የሚወጡት ብዙዎቹ ናቸው፤ ከአምስቱ አራቱ ገደማ። የሚያስፈራን ቀሪው አንዱ ነው። በእሱ ላይ ቁጣው ከቆሽት አልፎ ሳንባና ኩላሊት ይደርሳል። ይህ ጉዳት ከ48 ሰዓት በላይ ከቆየ ሕመሙ ከባድ ተብሎ ይመደባል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፦ የላቦራቶሪ ወረቀት ይዘው «ሊፔዜ 2,000 ደርሷል፣ ልሞት ነው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሊፔዝ ቅባት የሚፈጭ የቆሽት ኢንዛይም ነው፤ በደም ውስጥ ከመደበኛው ጣሪያ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ሲሆን ቆሽት መቆጣቱን ይመሰክራል፤ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚከብድ ግን አይናገርም። ትንፋሽ፣ የሽንት መጠንና የደም ግፊት ከቁጥሩ የበለጠ ይነግሩናል።

አሁን ወደ ቀዶ ሕክምናው። ሕመሙ ሄዷል፣ ጠጠሮቹ ግን እዚያው ናቸው። በፈረንጆቹ 2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት 266 በሽተኞችን በሁለት ከፍሎ ነበር። ገሚሶቹ ከሆስፒታል ሳይወጡ ሐሞት ከረጢታቸው ወጣ፤ ገሚሶቹ ቤታቸው ሄደው ከአንድ ወር ገደማ በኋላ እንዲመለሱ ተቀጠሩ። በስድስት ወር ውስጥ በጠጠሩ ጣጣ ዳግም ሆስፒታል የገቡት ወይም የሞቱት ቀድመው ከታከሙት 5 በመቶ፣ ከቆዩት 17 በመቶ ሆኑ። እርስዎ ወጥተዋልና «ዛሬ ነገ» አይበሉ፤ የቀጠሮ ወረቀትዎን ይዘው ይሂዱ። ያለ ሐሞት ከረጢት መኖር ይቻላል፤ ሐሞት የሚያመርተው ጉበት ነው፣ ከረጢቱ ማጠራቀሚያው ብቻ ነው። ላፓራስኮፒ ባለበት ቦታ ሥራው በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይከናወናል።

ጾም የነፍስ ጉዳይ ነውና የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ማስገደጃ የላትም። እኔ የምለው ስለ ሳህኑ ነው። ከረጢቱ እስኪወጣ ድረስ ቅቤ የለውም ተብሎ በዘይት የሚዋኝ ሽሮ፣ ፓስቲና ሳምቡሳ ለቆሽትዎ ጾም አይሆንለትም።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም፤ ያች ሌሊት በተልባ ማለፏ። በዚህ ከተማ ከእምብርት በላይ ያመመ ነገር ሁሉ ስሙ ጨጓራ ነው፤ ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ የትኛውም ፋርማሲ ገብተው «ለጨጓራ» ቢሉ ባዶ እጅዎን አይወጡም። ጨጓራ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያለማቋረጥ ለሰዓታት የሚቆይ፣ ወደ ጀርባ የሚዘልቅ፣ ወደ ፊት ሲጎነበሱ ትንሽ ቀለል የሚል፣ ቢያስመልሱም ፋታ የማይሰጥ ሕመም ግን በዚያው ሌሊት ሐኪም ፊት መቅረብ አለበት። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ደግሞ ታክሲ አይጠበቅም፣ የተገኘው መኪና ይያዛል። የልብ ሕመምም በዚያው ቦታ ሊያም ስለሚችል ድንገተኛ ክፍል ኢ.ሲ.ጂ. (የልብ ምርመራ) ቢያነሡዎት አይገረሙ።

ጥያቄ፦ 53 ዓመቴ ነው፤ ካዛንቺስ ነው ያደግኩት። ለዓመታት አረቄና ቢራ ስጠጣ ኖሬ አቁሜያለሁ፤ ሲጋራውን ግን አልቻልኩም። ሆዴን እየመላለሰ ያመኛል፣ ከስቻለሁ፣ ሰገራዬ ዘይት አለው፣ ሲያጥቡት አይወርድም። በቅርቡ ደግሞ ስኳር አለብህ ተባልኩ። በሲቲ ስካን ቆሽቴ ላይ ጠጠር ታይቶ የኢንዛይም እንክብል ታዘዘልኝ። መድኃኒቱ ከአሳማ ነው የሚሠራው መባሉ እውነት ነው? መ.፣ ከካዛንቺስ

መልስ፦ እውነት ነው ወንድሜ፤ ከአሳማ ቆሽት ነው የሚወጣው። ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ በማይበላበት አገር ይህን ለበሽተኛ ሳይናገሩ ማዘዝ ተገቢ አይመስለኝም። የሃይማኖት አባትዎን ጠይቀው ይወስኑ። ሲጠይቁ ግን መድኃኒቱ ለቅንጦት እንዳልታዘዘ ያስረዱ። የቆየ ቁጣ ቆሽትዎን ወደ ጠባሳ ለውጦታል፤ ቅባት ስለማይፈጭልዎት ከቅባቱ ጋር ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬም አብረው ይወጣሉ። ከወሰኑ ከምግቡ ጋር፣ ሲጀምሩና በመካከሉ ይዋጡት። ከበሉ በኋላ «ረሳሁት» ብሎ መዋጥ ብዙም አይረባም።

ሲጋራውን በተመለከተ አላባብልዎትም፤ ከአልኮል ተለይቶ ለብቻውም ቆሽት ይጎዳል፣ ጠባሳውንም ያፈጥነዋል። ስኳርዎም ከተለመደው ይለያል። ስኳር ሲወርድ ከፍ የሚያደርገው ግሉካጎን የሚባለው ሆርሞንም ከቆሽት ስለሚመጣ፣ ኢንሱሊን ከጀመሩ በድንገት ሊወርድብዎት ይችላል። ምግብ አይዝለሉ፤ ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ አይጥፋ። በእርስዎ ዕድሜ ክሳትና አዲስ ስኳር አብረው ሲመጡ የቆሽት ካንሰር እንዳይኖር መጣራት አለበት። ሲቲ ስካኑን ያነበበው ሐኪም ስለዚህ ምን እንዳለ በግልጽ ይጠይቁት።

ጥያቄ፦ ወስፋት ቆሽት ውስጥ ይገባል ሲባል ሰማሁ። ይህ ተረት ነው?

መልስ፦ ተረት አይደለም። ወስፋት ከትንሹ አንጀት ተነሥቶ ወደ ሐሞት ወይም ወደ ቆሽት ቱቦ ሊገባና በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ አንዳንዴ በአልትራሳውንድ ይታያል። ብዙ ጊዜ አይደርስም፤ ወስፋት በበዛበት አገር ግን ሐኪሙ በሐሳቡ ሊይዘው ይገባል። በሰገራ ምርመራ ከታየ አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ መውሰድ ብዙውን ያጸዳል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት የእርግዝና ወራት ግን አይወሰድም።