መልስ፦ ጀልባዋን አጋድሎ መጫን

ሰላም ወንድሜ። 3 ሜትር ስፋት ያላትን ካታማራን (ሁለት ቀፎ፣ ማለትም ሁለት ተንሳፋፊ አካል፣ ጎን ለጎን ያላትን ጀልባ) ከጅማ ወደ ግልገል ጊቤ ሐይቅ በምን ዓይነት ተሳቢ ልውሰዳት ብለሃል። በጠፍጣፋ ተሳቢ አትሞክረው፤ አሰንዳቦ ሳትደርስ ከፊትህ አይሱዙ ሲመጣብህ መግቢያ ታጣለህ። ተሳቢው ላይ ጀልባዋን በጎን የሚያጋድል አልጋ አሠራ። በ60 ዲግሪ ስትጋደል 3 ሜትሩ ወደ 1.5 ይወርዳል፤ የቀፎዋ ቁመት ግማሽ ሜትር ከሆነ 43 ሳንቲ ሜትር ያህል ጨምርበት። ከፍታዋ ግን ከአልጋው ሥር ሲለካ ወደ 2.85 ሜትር ይደርሳልና የኤሌክትሪክ ሽቦ እያየህ ንዳ።

ዋናው ነገር አልጋው የሚጋደልበት ማጠፊያ ነው። በቁራጭ ላሜራ አታስበይደው፤ በወፍራም ቱቦ ውስጥ የሚዞር ድፍን ብረት፣ ግራሶ መቀቢያ ቀዳዳ ያለው ይሁን። ቦታውንም ጀልባዋ ስትጋደል ክብደቷ በሁለቱ ጎማዎች መካከል እንዲያርፍ አድርገህ ምረጥ፤ አለበለዚያ በአንዱ ጎማ በኩል ያለው ባሊስትራ ብቻውን ይሸከማታል።

እኔ የመጀመሪያውን ስሠራ በዊንች (የሽቦ ገመድ እየጠመጠመ በሚስብ መሣሪያ) ብቻ ታመንሁ። የሽቦ ገመዱ አመለጠና አልጋው ዷ ብሎ ወረደ፤ እግሬን ለጥቂት አተረፍሁ። አሁን በሁለቱም ጫፍ የብረት ድጋፍ ቆሞ ፒኑ ሳይገባ አልነቃነቅም። የጀልባዋን የሸራ ምሰሶ ደግሞ አስቀድመህ አውርድ።