ስንት? እስከ መቼ? ካልሠራስ?

ውድ ወጣቶች፣

ክብደት ስለ መቀነስና ብረት ስለ ማንሳት ምክር ያጣ ወጣት ዛሬ የለም። የተቸገረው ሃያ ሰው ሃያ ዓይነት ነገር ነግሮት የቱን እንደሚይዝ ግራ የገባው ነው። ሃያ አንደኛውን ከመጨመሬ በፊት የማንንም ምክር፣ የእኔንም ጭምር፣ የምትፈትኑባቸውን ሦስት ጥያቄዎች ልስጣችሁ፦ ስንት? እስከ መቼ? ካልሠራስ በምን አውቃለሁ? «ካርቦሃይድሬት አቁም»፣ «ላብህ እስኪንጠፈጠፍ ሥራ» የሚላችሁ ሰው ለእነዚህ መልስ ከሌለው አመስግናችሁት እለፉ።

የምግቡ ሒሳብ ከባድ አይደለም። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ያህል ይዟል። በየቀኑ ከምታቃጥሉት 500 ካሎሪ ያህል አሳንሳችሁ ብትበሉ በሳምንት 3,500 ይሆናል፤ ግማሽ ኪሎ ለመቀነስ ጥቂት ይጎድለዋል። ሰውነት በእርግጥ እንደ ወረቀቱ አይታዘዝም፤ እየቀለላችሁ በሄዳችሁ ቁጥር የምታቃጥሉት ያንሳል፣ ሳይታወቃችሁም እንቅስቃሴያችሁ ይቀንሳል። ግን ልኩን ለመገመት ይበቃል። ለአብዛኛው ሰው በሳምንት ከክብደቱ ከ0.5 እስከ 1 በመቶ መቀነስ ጤናማ ፍጥነት ነው፤ 80 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ400 እስከ 800 ግራም ማለት ነው። እስቲ «በአሥር ቀን አሥር ኪሎ» የሚለውን ማስታወቂያ በዚሁ ስሌት አስሉት። አሥር ኪሎ ስብ 77,000 ካሎሪ ነው፤ በቀን 7,700። አብዛኛው ሰው ምንም ሳይቀምስ ቢውል እንኳ የዚህን ግማሽ አያቃጥልም።

ታዲያ በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሁለት ኪሎ የሚወርደው ለምንድን ነው? በጉበትና በጡንቻ ውስጥ ግላይኮጅን የሚባል የተከማቸ ስኳር አለ፤ እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። ምግብ፣ በተለይም ካርቦሃይድሬት፣ ሲቀንስ ይህ ክምችት ይሟጠጣል፣ ውሃውም አብሮ በሽንት ይወጣል። በሁለተኛው ሳምንት ፍጥነቱ ሲቀንስ ብዙዎች «ሰውነቴ ለመደው» ብለው ምግቡን ደግመው ይቆርጣሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው። የለመደ ነገር የለም፤ ውሃው አልቆ ስቡ በራሱ ፍጥነት መሄድ ጀመረ እንጂ።

ሚዛን ላይ የምትወጡት ጠዋት፣ ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ምንም ሳትበሉና ሳትጠጡ ይሁን። የአንድ ቀን ቁጥር ምንም አይነግራችሁም፤ ጨው፣ ውሃና ያልወጣ ሰገራ ብቻቸውን አንድ ሁለት ኪሎ ወዲያና ወዲህ ያደርጉታል። የሰባቱን ቀን ደምራችሁ ለሰባት አካፍሉ፣ አማካዩንም ካለፈው ሳምንት አማካይ ጋር አስተያዩ። ሴቶች ደግሞ ከወር አበባ በፊት ሰውነት ውሃ ስለሚይዝ ይህን ሳምንት ባለፈው ዑደት ከተመሳሳዩ ሳምንት ጋር ቢያነጻጽሩት ይሻላል። በሦስት አራት ሳምንት አማካዩ ካልወረደ፣ በእምብርት ደረጃ የሚለካው ወገብም ካልቀነሰ፣ ያኔ 150 ወይም 200 ካሎሪ ቀንሱ። ከዚያ በፊት ምንም አትንኩ።

«ትንሽ ነው የምበላው፣ ግን አልቀነስኩም» የሚል ሰው ብዙ ነው፣ አብዛኛውም አይዋሽም። እ.ኤ.አ. በ1992 ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በቀን ከ1,200 ካሎሪ በታች እየበሉ እንደማይቀንሱ የተናገሩ ሰዎችን በትክክለኛ መሣሪያ ለካ። የሚያቃጥሉት ካሎሪ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ሰው ነበር፤ የሚበሉትን ግን በአማካይ በ47 በመቶ አሳንሰው፣ እንቅስቃሴያቸውን ደግሞ በ51 በመቶ አብዝተው ነበር የገመቱት። ዓይን መጥፎ ሚዛን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው፤ መጥበሻ ላይ ሦስቴ «ጠብ» ስታደርጉት ማን ይቆጥረዋል? ለሁለት ሳምንት ምግባችሁን ሳይበስል በግራም መዝናችሁ ጻፉ። ዕድሜ ልክ አይደለም፤ ዓይናችሁ እስኪማር ነው።

ፕሮቲን በየቀኑ ለአንድ ኪሎ ክብደት 1.6 ግራም ይበቃችኋል፤ 70 ኪሎ ከሆናችሁ 112 ግራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አርባ ዘጠኝ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ ከዚህ በላይ መጨመሩ በአማካይ ጡንቻ እንደማይጨምር አሳይቷል። ለሦስት አራት ጊዜ ከፋፍላችሁ ብሉት። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ 100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከ25 እስከ 30፣ 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ያህል ይሰጣል። ክብደቱ ከልክ ያለፈ ሰው ሒሳቡን መድረስ በሚፈልገው ክብደት ይሥራው። ኩላሊቱን የሚያመው ደግሞ ይህን ቁጥር ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይያዘው።

ምግብን ከልክ በላይ መቁረጥ ምን እንደሚያደርግ በደንብ የታየው እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 በአሜሪካ ሚኒሶታ በተደረገ ሙከራ ነው። ሠላሳ ስድስት ጤነኛ ወንዶች ለስድስት ወር ገደማ በቀን 1,570 ካሎሪ ያህል ተሰጣቸው፣ የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ብርድ ብርድ ይላቸው ነበር፣ ይነጫነጩ ነበር፣ ወሬያቸው ሁሉ ምግብ ሆነ። እናንተም ቀኑን ሙሉ ስለ ምግብ ስታስቡ የምትውሉ፣ እጅ እግራችሁ የሚቀዘቅዝ፣ ወይም የወር አበባችሁ የቀረ ከሆነ ጉዳዩ የወኔ ማነስ አይደለም። የቀነሳችሁት በዝቷል፤ ጨምሩ። የወር አበባ ሦስት ወር ከቀረ ሐኪም ይየው። ዕድሜያችሁ ከ18 በታች ከሆነም ያለ ሐኪም ምግብ አትቀንሱ።

ወደ ብረቱ ልምጣ። ለጀማሪ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በመካከሉ አንድ አንድ ቀን ዕረፍት እየገባ፣ ይበቃል። በእያንዳንዱ የልምምድ ቀን አራት እንቅስቃሴ፦ ቁጢጥ ብሎ መነሳት (ስኳት)፣ ብረትን ከወለል ማንሳት (ዴድሊፍት ወይም ቀለል ያለ ዓይነቱ)፣ ወደ ፊት ወይም ወደ ላይ መግፋት፣ ወደ ሰውነት መጎተት። እያንዳንዱን ሦስት ዙር፣ በየዙሩ ከ8 እስከ 12 ጊዜ፤ ዴድሊፍትን ግን በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ብቻ። ዙሩን የምታቆሙት «ሁለት ልጨምር እችላለሁ፣ ሦስት ግን አልችልም» የምትሉበት ላይ ስትደርሱ ነው። ከዚያ ሁለት ሦስት ደቂቃ እረፉ። አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው የሚነሳ ሰው የሚደክመው ሳንባው ነው፤ ጡንቻው ገና ሥራውን አልጨረሰም።

ጭማሪው ሥርዓት አለው። ሦስቱንም ዙር 12፣ 12፣ 12 አድርጋችሁ አቋማችሁ ሳይበላሽ ከጨረሳችሁ በሚቀጥለው የልምምድ ቀን ለእጅና ለደረት 2.5 ኪሎ፣ ለእግር 5 ኪሎ ጨምሩና ከ8 ጀምሩ። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም፤ አሜሪካዊው ወታደራዊ ሐኪም ቶማስ ደሎርም እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የተጎዱ ወታደሮች እንዲያገግሙ ያደረገበት፣ በየጊዜው ጭነትን የመጨመር ዘዴ ነው። ወደ ዋናው ክብደት በደረጃ ውጡ፦ በ60 ኪሎ የምትሠሩ ከሆነ መጀመሪያ 20 ኪሎ ስምንት ጊዜ፣ ቀጥሎ 40 ኪሎ አምስት ጊዜ፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሁለት ሦስት ጊዜ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጉልበታችሁ ቶሎ ይጨምራል፤ እሱ በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻውን ማዘዝ ስለተማረ ነው። በመስታወት የሚታይ ለውጥ ሁለት ሦስት ወር ይፈልጋል። ብዙዎች ፕሮግራም የሚቀይሩት በስድስተኛው ሳምንት፣ ልክ ሊሠራ ሲል ነው። «ጡንቻን ማደናገር» የሚባለውንም እርሱት፤ ጡንቻ አይደናገርም፣ የሚደናገረው ማስታወሻችሁ ነው።

የማግስቱ ሕመም መለኪያ አይደለም። አዲስ እንቅስቃሴ ስትጀምሩ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ይብሳል፣ ከዚያ ይጠፋል፤ ስትለምዱት ይቀራል፣ ጡንቻው ግን ማደጉን አያቆምም። ከዚህ የሚለይ አንድ አደጋ አለ፦ በመጀመሪያው ቀን ወይም ከረጅም ዕረፍት በኋላ በመቶዎች የሚቆጠር ድግግሞሽ የሠራ ሰው ጡንቻው ያብጣል፣ እጁን መዘርጋት ያቅተዋል፣ ሽንቱም እንደ ጥቁር ሻይ ይሆናል። የጡንቻው ፍርስራሽ ኩላሊቱን እየጎዳው ሊሆን ይችላል። ያን ዕለቱን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

የሆድ እንቅስቃሴ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም። እንለፈው።

አሁን ጥናት ስለ ማንበብ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ አንድ ሙከራ ምግብ የቀነሱ ሰዎችን ለሁለት ሳምንት በቀን 8.5 ሰዓት፣ ለሌላ ሁለት ሳምንት 5.5 ሰዓት የመኝታ ጊዜ ሰጣቸው። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ሆነ፤ እንቅልፍ ባጠሩበት ጊዜ ግን ከጠፋው ክብደት የስቡ ድርሻ ከግማሽ በላይ አነሰ። ደስ የሚል ውጤት ነው፣ እኔም በቂ እንቅልፍ አስፈላጊ ነው እላለሁ። ግን ተሳታፊዎቹ አሥር ብቻ ነበሩ። «ሳይንስ አረጋገጠ» ሲባል እንዲህ ጠይቁ፦ ሰው ነው ወይስ አይጥ? ስንት ሰው? ለስንት ሳምንት? ከምን ጋር ተነጻጽሮ? በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝኑ ኮክሬን የሚባለው ዓለም አቀፍ የተመራማሪዎች መረብ ግምገማዎችና የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ ይሻላሉ። መመሪያው ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል፤ ለማስታወቂያ ስለማይመች ማንም አይጮህለትም።

ያማረ ሰውነት ማስረጃ አይደለም። ብርሃን፣ ከፎቶው በፊት የተሠራ ጥቂት ፑሽ አፕ፣ በዘር የተገኘ ቅርጽ፣ አንዳንዴም በመርፌ የገባ ስቴሮይድ (ጡንቻ የሚያሳድግ መድኃኒት) አለበት፤ እናንተ የምትገዙት ግን ፕሮግራሙን ብቻ ነው። አሠልጣኝ ስትመርጡ መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቃችሁ እዩ። ስለ ጉዳታችሁ፣ ስለምትወስዱት መድኃኒትና ስለ እንቅልፋችሁ ሳይጠይቅ ለሁሉም የሚሰጠውን ወረቀት ካቀበላችሁ፣ ስትሠሩም ስልኩን የሚያይ ከሆነ፣ ሌላ ፈልጉ።

ዱቄትና ክኒን ከሚባለው ሁሉ በደንብ የተጠናው ክሬቲን ሞኖሃይድሬት፣ ጡንቻ ለአጭር ከባድ ሥራ ኃይል እንዲያገኝ የሚረዳ ዱቄት፣ ነው፤ በየቀኑ ከ3 እስከ 5 ግራም። መጀመሪያ ላይ ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ሚዛኑ ትንሽ ይወጣል፤ አትደንግጡ። ገለልተኛ ላቦራቶሪ የመረመረው መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ያለበትን ምረጡ። «ስብ አቃጣይ» የሚባሉትን ግን በጭራሽ አትንኩ። ከእነሱ አንዱ ዳይናይትሮፊኖል እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለክብደት መቀነሻ ተሸጦ፣ ሰው ስለገደለና ስላሳወረ በአሜሪካ በ1938 ለሰው አይሆንም ተባለ፤ እስከ ዛሬ በድብቅ ይሸጣል። የሰውነት ሙቀትን ከቁጥጥር ውጭ ያንረዋል፣ ማርከሻም የለውም።

ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪም ማየት ያለባችሁ፦ ስትሠሩ ደረታችሁን የሚወጋችሁ ወይም ራሳችሁን የምትስቱ፣ ከቤተሰባችሁ በወጣትነቱ በድንገት የሞተ ሰው ያለ፣ እርጉዝ የሆናችሁ። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን የሚያወርድ ክኒን የምትወስዱ ደግሞ ምግብ ስትቀንሱና እንቅስቃሴ ስትጨምሩ ስኳራችሁ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል፣ የመድኃኒቱን መጠን ሐኪማችሁ ሳያስተካክል አንዲት ጉርሻ እንኳ አትቀንሱ።