ሚኒሞ ላይ የሚንቀጠቀጥ ዲኤክስ፦ ካርቡራተሩ ተራው መጨረሻ ነው

ወንድሜ፣ ባለ 4ኬ ሞተር ቶዮታ ዲኤክስህ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር) ይንቀጠቀጣል፣ ፍጥነት ሲይዝ ይስተካከላል፣ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ብትቀይርም አልተሻለውም፣ አሁን ደግሞ ካርቡራተር (ነዳጅና አየር የሚያቀላቅለውን) ቀይር ተብለሃል። ገንዘብህን ያዝ። የማይሠራው አንድ ሲሊንደር ነው ወይስ አራቱም ናቸው የሚቸገሩት? ይህ ሳይታወቅ የሚገዛ ዕቃ ሁሉ ግምት ነው።

ሞተሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ እያለ የካንዴላ ገመዶቹን እጀታው በላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ አንድ በአንድ ንቀል። ስትነቅለው ሞተሩ ይበልጥ ከተንገዳገደ ያ ሲሊንደር ይሠራል፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ችግሩ እዚያ ነው። የነቀልከውን ጫፍ ከሞተሩ ብረት አስጠጋው፣ አየር ላይ ከቆየ ቦቢናውን (ለካንዴላዎቹ ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠውን) ይጎዳል። ከዚያ አጥፍተህ የዚያን ሲሊንደር ካንዴላና ገመድ ከጎረቤቱ ጋር አቀያይር። ችግሩ አብሮ ከሄደ ተገኘ ማለት ነው። ካልሄደ የዲስትሪቢውተሩን (የእሳት አከፋፋዩን) ክዳን አውጥተህ ውስጡን በባትሪ መብራት እይ፤ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ እርሳስ መስመር የተሰመረ ቀጭን ጥቁር ነገር ካለ እሳቱ በዚያ እያመለጠ ነው፣ ክዳኑ ይቀየር።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ኮምፕረሽን (በየሲሊንደሩ ውስጥ የሚፈጠረውን ግፊት) አስለካ። አራቱም ካንዴላ ይውጣ፣ የቦቢናው ገመድ ይነቀል፣ ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ይረገጥ። እዚህ ላይ ብዙ ጤነኛ ሞተር በከንቱ ይፈታል፦ ባሕር ጠለል ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያሳይ ሞተር አየሩ በሳሳበት አዲስ አበባ 115 አካባቢ ቢያሳይ ጤነኛ ነው። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ ከ15 ፒኤስአይ ከበለጠ ተጠራጠር። ዝቅ ባለው ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረህ ድገም። ከፍ ካለ የፒስተኑ ሪንግ ነው፣ ካላለ ቫልቭ (የአየር ማስገቢያውና የጭስ ማውጫው መዝጊያ)። ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጋስኬት ነው።

ለአንተ መኪና እኔ አስቀድሜ የምጠረጥረው የጠበቀ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ነው። መቀመጫው ሲበላ በቫልቩና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ይጠፋል፣ ቫልቩም ሙሉ በሙሉ አይዘጋም። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ግፊቱ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛል፣ ሲፈጥን ግን አያገኝም፤ መንገድ ላይ የሚስተካከለውም ለዚህ ነው። ክፍተቱ በሙቅ ሞተር የአየር ማስገቢያው 0.20፣ የጭሱ 0.30 ሚሊ ሜትር ይሁን። ትንሽ የሚንጣጣ ቫልቭ አያሳስብም፣ የሚቃጠለው ድምፁ የጠፋው ነው።

አራቱም እኩል የሚቸገሩ ከሆነ ካርቡራተሩን ሳያልፍ አየር ሾልኮ የሚገባበትን ቦታ ፈልግ። በመጀመሪያ የፍሬን ሰርቮውን (ፍሬን መርገጥ የሚያቀልለውን) ቱቦ ቆንጥጠህ ያዝ፣ ሞተሩ ከተረጋጋ ከዚያ ነው። ከዚያ በካርቡራተሩ እግርና በማኒፎልዱ (አየርና ነዳጁ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባበት ቱቦ) ጋስኬት ዙሪያ በሲሪንጅ ውሃ ጠብ ጠብ አድርግ፤ ውሃውን ሲስብ ድምፁ ይለወጣል። አንዳንዱ በቤንዚን ይፈትሻል፤ በዚህ ሞተር ላይ የጋለው የጭስ ማኒፎልድ ካርቡራተሩ ሥር ስላለ እሳት ያስነሳል፣ በፍጹም አታድርገው።

ፑንቲናውን (በዲስትሪቢውተሩ ውስጥ ያለውን የኤሌክትሪክ መቆራረጫ) 0.45፣ ካንዴላውን 0.8 ሚሊ ሜትር ክፈት። የፑንቲናው ፊት ተቃጥሎ ከተቦረቦረ ከእሱ ጋር የተያያዘውን ኮንደንሰርም አብረህ ቀይር።

ካርቡራተሩ ጋ የምትደርሰው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ቁልፍ ስትከፍት የሚኒሞው ሶሌኖይድ (የሚኒሞውን ነዳጅ በኤሌክትሪክ የሚከፍተው) ቀጭ ማለቱን ስማ፤ ካላለ ሽቦውን ፈትሽ። ካለ ደግሞ የሚኒሞውን ጂግለር (ነዳጅ የሚያልፍበትን ባለ ቀጭን ቀዳዳ ዕቃ) አውጥተህ በአየር ንፋው፣ በሽቦ ግን አትውጋው፣ ቀዳዳው ይሰፋል።