አልጋውን ከመግዛታችሁ በፊት ክፍሉን ማታ እዩት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ልጅሽ ሁለት ዓመት አልፎታል። ሰሞኑን የአልጋውን አጥር እየተንጠላጠለ መውጣት ጀምሯል። ባለቤትሽ «ትልቅ አልጋ እንግዛለት» ይላል። እናትሽ ደግሞ «ገና ሕፃን ነው፣ ከእኔ ጋር መደብ ላይ ይተኛ» ይላሉ። አዘዞ የተከራያችሁት ቤት አንድ መኝታና አንድ ሳሎን ነው። የማንን ልስማ፣ እንዳይጎዳብኝስ ምን ላድርግ ነው ያልሽው።

እኔም እዚሁ ጎንደር ነኝ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌያለሁ። ሦስቱም ከባለ አጥሩ አልጋ የወጡት በተለያየ ዕድሜና በተለያየ መንገድ ነው። መልሴ ይረዝማል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

«ስንት ዓመት ሲሞላው ነው?» ለሚለው ቁርጥ ያለ መልስ የለም። አብዛኛው ልጅ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሦስት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይሸጋገራል። ዘሎ ለመውጣት ያልሞከረ ልጅ ካላችሁ አትቸኩሉ። ከፍ ሲል «ከአልጋህ አትውረድ» ስትሉት ይገባዋል። የኔ ትልቋ ሦስት ዓመት ሊሞላት እስኪቃረብ አጥሯ ውስጥ ሰላም ብላ ነው የተኛችው። ሁለተኛው ግን የሰሜን ተራራ ጭላዳ በይው፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላው እግሩን አጥሩ ላይ ሰቀለ። ቁመቱ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከደረሰ፣ ወይም ሲቆም የአጥሩ ጫፍ ከደረቱ በታች ከዋለ ጊዜው ደርሷል። ያንቺ ልጅ ደግሞ ወጥቶ አሳይቶሻል። ከአጥር ጫፍ መውደቅ ከዝቅተኛ አልጋ ከመንከባለል የባሰ ስለሆነ መጠበቁ አያዋጣም።

አዲሱ እስኪዘጋጅ ድረስ የአሁኑን አልጋ ወለል ወደ መጨረሻው ዝቅታ አውርጂው። ትራስና ትልልቅ አሻንጉሊት አውጪለት፤ ረግጦ ይወጣባቸዋል። አንዳንዶች አጎበር ወይም ነጠላ ከላይ ወጥረው ያስራሉ። እሱን በፍጹም እንዳታደርጊ፤ ልጁ ይጠላለፍበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እስከ ዛሬ ሌሊት ልጅሽን ከቁም ሳጥኑ፣ ከባልዲው፣ ከሶኬቱ የለየው ያ አጥር ነው። አጥሩ ሲነሳ አንቺ ተኝተሽ እሱ ቤቱን ይዞራል። ስለ አልጋ ሲጠይቁኝ ስለ ክፍሉ የማወራው ለዚህ ነው። ደግሞ ክፍሉን ቀን ላይ እንዳታዪው። የኛ ቤት ቀንና ማታ አንድ አይደለም። ሲመሽ ጀሪካኑ ይገባል፣ ምድጃው ይገባል፣ ዲቫይደሩ መሬት ላይ ይዘረጋል፣ ስልኮቹ ቻርጅ ላይ ይሰካሉ። ልትተኙ ስትሉ፣ ሁሉም ነገር የማደሪያ ቦታውን ከያዘ በኋላ ተንበርክከሽ በልጁ ቁመት ዙሪያውን እዪ። ቆመሽ የማታዪው ብዙ ነገር አለ።

በቁም ሳጥኑ ጀምሪ። መሳቢያ ያለው ከሆነ ልጅ መሳቢያውን ስቦ እንደ ደረጃ ይወጣበታል፤ ያኔ ቁም ሳጥኑ ላዩ ላይ ይገለበጣል። ከግድግዳ ጋር መታሰር አለበት። የብሎኬት ቤት ከሆነ በፊሸርና በብሎን፣ ከላይ በማዕዘን ብረት ይያዛል። የጭቃ ቤት ከሆነ ግን ጭቃው ላይ የተመታ ሚስማር ምንም አይዝም። ግድግዳውን በጣትሽ እያንኳኳሽ ቋሚውን ፈልጊ፤ እንጨቱ ያለበት ድምፁ ይለያል። ብሎኑ እዚያ ይግባ። የኛ አከራይ መጀመሪያ «ግድግዳዬን አትብሱብኝ» ብለው አሻፈረኝ አሉ። ስንለቅ ደፍነን ቀለም እንደምንቀባ ቃል ገብተን፣ ቁም ሳጥኑ በልጅ እጅ እንዴት እንደሚወዛወዝ ስናሳያቸው ራሳቸው ድሪል ተውሰው መጡ። ቴሌቪዥኑም እንዲሁ፤ ወይ ግድግዳ ላይ ይታሰር፣ ወይ ሰፊና ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ ወደ ኋላ ተገፍቶ ይቀመጥ። መሳቢያ ላይ አይሆንም።

ከዚያ ውሃ። እዚህ ከተማ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የማያጠራቅም ቤት የለም። የዚህ ዕድሜ ልጅ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው። ባልዲ ውስጥ ሊያይ ሲያጎነብስ በጭንቅላቱ ይገባል፣ ራሱን ችሎም አይወጣም። ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውሃ ይበቃል። ድምፅም አይሰማም፤ ሰው የሚሰጥም ልጅ ይጮሃል ብሎ ያስባል፣ አይጮህም። ስለዚህ ማታ ማታ ክፍት ባልዲና ሳፋ ይደፋ ወይም ኩሽና ገብቶ በሩ ከላይ ይቀርቀር። ለማጠራቀም ክዳኑ የሚጠመዘዝ ጀሪካን ከባልዲ ይሻላል። በርሜል ክዳን ላይ ድንጋይ መጫን መፍትሔ አይመስለኝም፤ ድንጋዩም ይወድቃል።

ከሰል ላይ ትንሽ ልቆይ። ሐምሌና ነሐሴ ብርዱ ከዝናቡ ጋር ሲመጣ፣ ቡና የተፈላበትን ምድጃ መኝታ ቤት አስገብቶ ማሞቅ የለመደብን ነገር ነው። «ፍም ሆኗል፣ ጭስ የለውም» ይባላል። ጭስ ባይኖረውም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ይወጣዋል። ሽታም ቀለምም የለውም። የተኛን ሰው ሳይነቃ ይወስዳል። ልጁ አጥር በሌለበት ምድጃው ላይ መውደቁ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አይግባ፤ «ለትንሽ ጊዜ» የሚባል ነገር የለም። ካልሲ፣ ደራርቦ ፒጃማ፣ ከበረደም አንዲት ትንሽ ጋቢ ይበቃዋል። መብራት ሲጠፋም ሻማ ትተሽ ባትሪ ተጠቀሚ።

ሌላው ሃይላንድ ውስጥ የሚቀመጠው ነገር ነው። ነጭ ጋዝም በረኪናም የሚቀመጠው እዚያ ነው። ልጅ ሌሊት ውሃ ሲጠማው ያንን ጠርሙስ ያውቀዋል፤ ውሃ የሚጠጣበት ስለሆነ። ሁለቱም ከእጁ በላይ፣ ቢቻል በቁልፍ ይቀመጡ። መድኃኒትም እንዲሁ። እናትሽ ጋ ያድራል ከተባለ መጀመሪያ ትራሳቸው ሥር እጅሽን ስደጂ። የስንቷ አያት የደም ግፊት ኪኒን ማደሪያው እዚያ ነው።

ማተቡንም አስቢበት። አውልቂው አልልሽም። ግን አሁን ብቻውን እየወጣ እየወረደ ስለሆነ ጠንካራ ናይለንና መስቀል የተንጠለጠለበት ረጅም ክር ነገር ላይ ሊያዝ ይችላል። ለልጆቼ ያሰርኩት ትንሽ ሳብ ሲደረግ የሚበጠስ ስስ ክር ነበር። ሲበጠስ ሌላ ይታሰራል። የመጋረጃ ገመድና የቻርጀር ሽቦም ከአልጋው አጠገብ ይራቁ።

አሁን አልጋው። የኔ ምርጫ ፍራሹን መሬት ላይ ማንጠፍ ነው። ቢንከባለልም የሚወድቅበት የለም፣ ወጪም የለውም። ችግሩ የወለሉ ብርድና እርጥበት ነው። ከሥሩ ሰሌን ወይም ወፍራም ምንጣፍ አድርጊ። ጠዋት ጠዋት ፍራሹን አንስተሽ ግድግዳ ላይ አቁሚው፣ አለበለዚያ በክረምት ሥሩ ይሻግታል። አልጋ ይሠራ ካላችሁ ደግሞ ከመደብር ከመግዛት እንጨት ቤት አሠሩት። ልኩ ቀላል ነው፤ ፍራሹ ተነጥፎ ልጁ ዳሩ ላይ ሲቀመጥ እግሩ መሬት መንካት አለበት። የኛ አናጢ «እንዲህ ካጠረ መጥረጊያ ሥሩ አይገባም» ብሎ ተከራከረኝ። አይግባ! ማዕዘኖቹ ይድቦልቦሉ፣ በብርጭቆ ወረቀት ይታሹ። ራስጌው ላይ ጉልላት ወይም ፈልፈል ያለ ጌጥ አይኑር፤ ልብሱ ይያዛል፣ ጭንቅላቱም ሊቀረቀር ይችላል።

አልጋው ግድግዳ ከተጠጋ በኋላ የሚመጣውን ክፍተት ብዙ ሰው አያየውም። አናጢ አልጋውን ትንሽ ሰፋ አድርጎ ይሠራል፣ ስፖንጅ ፍራሽ ደግሞ እያደር ይሟሽሻል። ባዶውን ስታዪው የተጠጋ ይመስላል። ዳሩ ላይ በጉልበትሽ ተጭነሽ እጅሽን በፍራሹና በግድግዳው መሃል ስደጂ። ክንድሽ ከገባ የልጁም ገላ ይገባል፤ ገላው ወርዶ ጭንቅላቱ ሲቀር አደጋው ያ ነው። ትራስ መወተፍ አይሠራም፤ ትራሱ ይሰምጣል። ወይ አናጢው ጣውላ መትቶ ክፍተቱን ይድፈነው፣ ወይ አልጋውን ከግድግዳ በደንብ አርቂውና በሁለቱም በኩል ምንጣፍ አንጥፊ። አልጋው መስኮት ሥር ባይሆን ደግሞ ጥሩ ነው።

ወንበር ደግፎ አጥር መሥራት የለመድነው ነው፤ ግን ወንበር ይንሸራተታል፣ ልጁም መሃል ይገባል። የሚሸጠው የአልጋ ዳር መከላከያ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ላለና አልጋ ላይ ራሱ ወጥቶ ለሚወርድ ልጅ ነው። ከሁለት ዓመት በታች አይሆንም። ፍራሽ መሬት ላይ ካለ ግን ይሄ ሁሉ ጭንቀት የለም። ተደራራቢ አልጋ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ላይኛው ከስድስት ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሆንም።

በሩ ላይ ሁለት ነገር። ቁልፉን ከውስጥ አውጪ፤ ቆልፎ መክፈት ያቅተዋል። አንቺም ከውጭ አትቆልፊበት፤ እሳት ቢነሳ ማን ይደርስለታል? እኔ ከቅዳሜ ገበያ የተገዛች የበግ ቃጭል እጀታው ላይ አስሬ ነበር። ሲወጣ ትንጫጫለች፣ እነቃለሁ። ባለቤቴ መጀመሪያ ስቆብኝ ነበር፣ በኋላ የሳሎኑ በር ላይ ሌላ የጨመረው እሱ ነው። የውጭ በር ከላይ መቀርቀሪያ ይኑረው። ኮንዶሚኒየም ያላችሁ በረንዳ ላይ ወንበርም ሳጥንም አትተዉ።

ሌሊት ተነስቶ መምጣቱ አይቀርም። እጁን ይዘሽ መልሺው፣ መብራት አታብሪ፣ ወሬ አትጀምሪ፣ ስልክ አታሳዪው። ሰዓቱ የሚያስቅ ቢሆንም አትሳቂ፤ ከሳቅሽ ነገም ይመጣል። መጀመሪያ የቀን እንቅልፉን አዲሱ ቦታ አስለምጂው፣ የሚያውቀው ብርድ ልብስም አብሮት ይሂድ። በዚህ ዕድሜ የቀኑን ጨምሮ ከ11 እስከ 14 ሰዓት ነው የሚተኛው፤ አንሶበት የሚነጫነጭ ከሆነ ማታ ከወትሮው ቀደም አድርገሽ አስተኚው።

ቢወድቅስ? አልቅሶ ቶሎ ከተጫወተ ደህና ነው፣ ግን ዓይንሽን ከእሱ አትንቀዪ። ራሱን ከሳተ፣ ደጋግሞ ካስታወከ፣ ከወትሮው በተለየ ከፈዘዘ ወይም ለመንቃት ካስቸገረ፣ ከጆሮው ወይም ከአፍንጫው ፈሳሽ ከመጣ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እስኪነጋ ሳትጠብቂ ሆስፒታል ውሰጂው።

የማንን ልስማ ላልሽው፣ በኔ እምነት ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። የእናትሽ መደብ ዝቅ ያለና ሰፊ ከሆነ፣ የትራሳቸው ሥር ከጸዳ፣ መደቡ ዳር ምንጣፍ ከተነጠፈ ለጊዜው ጥሩ ማደሪያ ነው። ትልቁን አልጋ ግን ለባለቤትሽ «ቆይ» በዪው፤ ብሩን መጀመሪያ ለመቀርቀሪያና ለማዕዘን ብረት ያውጣው። እናንተ አልጋ ላይ ካደረም ከፍታውንና የግድግዳውን ክፍተት እንዳልኩሽ እዪ። ጠላም አረቄም ጠጥቶ የገባ ሰው አጠገብ ግን አይተኛ።

የድሮውን አልጋ ፈታታችሁ የምታስቀምጡት ከሆነ ብሎኖቹን በላስቲክ ቋጥረሽ እዚያው ጣውላው ላይ እሰሪያቸው። ለሰው የምትሰጪው ከሆነ ደግሞ ፍርግርጉን ለኪው፤ በሁለት ዘንግ መሃል ከስድስት ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለአራስ አይሆንም፣ አትስጪው።