ሐኪም ጋ መሄድ ለምትፈራው ደንበኛሽ

እህቴ፣ «በልጅነቷ ጥቃት የደረሰባት ደንበኛዬ ታማ እንኳ ሐኪም ጋ አልሄድም ትላለች፣ እንዴት ላሳምናት?» ብለሽ ለጠየቅሽው፣ እኔም እንደሷ የሥነ ልቦና አማካሪ ፊት ደንበኛ ሆኜ የተቀመጥኩ ነኝና የማውቀውን ልንገርሽ። መጀመሪያ ማሳመኑን ተዪው። «ለጤናሽ እኮ ነው» እያለ ያልጨቀጨቀኝ ሰው የለም፣ እሱ ጠፍቶኝ አልነበረም።

የኔዋ ቴራፒስት «ከበሩ ገብተሽ እስክትወጪ ያለውን ተርኪልኝ፣ የቱ ጋ ነው የሚከብድሽ?» አለችኝ። ሳወራው ነው የገባኝ። በጀርባዬ ተንጋልዬ ሰው ከላዬ ሲያጎነብስ፣ ደግሞ ያ የጓንቱ ጧ የሚል ድምፅ። ለዚህ ነው የጥርስ ሐኪም ከማህፀን ሐኪም እኩል ያስፈራኝ የነበረው።

ከዚያ ለሐኪሙ የምሰጠው አራት መስመር አብረን ጻፍን። «ከመንካትዎ በፊት ይንገሩኝ። እጄን ካነሳሁ ያቁሙ። ወንበሩን ሙሉ በሙሉ አያስተኙት። ዝም ካልኩ ደህና ነኝ ማለት አይደለም።» የመጨረሻዋ ናት ትልቋ። ብዙዎቻችን ስንፈራ አንጮህም፣ ድርቅ ነው የምንለው፤ ሐኪሙ ደግሞ ተረጋግታለች ብሎ ይቀጥላል። ምን እንደደረሰብኝ ወረቀቱ ላይ የለም። ታሪኳን ለሐኪም የመናገር ግዴታ እንደሌለባት ደጋግመሽ ንገሪያት።

«ያቁሙ» ማለትንም ቴራፒስቴ ቢሮ ውስጥ ጮክ ብለን ተለማመድን። ያስቃል፣ ግን የመጀመሪያ ቀን ድምፄ አልወጣም።

የመጀመሪያው ቀጠሮ ለወሬ ብቻ ይሁን፣ ልብስ ሳይወልቅ። ሴት ሐኪም ትመርጥ እንደሆነ ጠይቂያት እንጂ አትገምቺ፣ ያጠቃቻት ሴት ልትሆን ትችላለች። ጭንቀቷ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ከሆነ ደግሞ፣ ለኤች ፒ ቪ (ይህን ካንሰር ሊያመጣ ለሚችለው ቫይረስ) ምርመራ የሚሆነውን ናሙና ራሷ መውሰድ የምትችልበት መንገድ አለ፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ይቀበለዋል። አገልግሎቱ መኖሩን አብራችሁ አጣሩ።

አደራ፣ ሳትፈቅድልሽ ለሐኪሙ ደውለሽ እንዳትነግሪባት። በፊት የነበረችኝ አማካሪ ለኔ ብላ አድርጋዋለች። ገና ስገባ ነርሷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በሐዘኔታ አየችኝ። ወዲያው ገባኝ። ወጥቼ ሄድኩ፣ ሁለት ዓመት ሐኪም ጋ አልሄድኩም፣ አማካሪዋም ጋ አልተመለስኩም።

ከሐኪም በወጣች በዚያው ቀን ወይ በማግስቱ ካንቺ ጋ ቀጠሮ ይኑራት፣ ሰውነት የሚንቀጠቀጠው አንዳንዴ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው። እኔ ጥርሴን ተነቅዬ የመጣሁ ቀን ስለ ሕመሙ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ያወራሁት ሁለቴ እጄን እንዳነሳሁና ሐኪሙ ሁለቴም እንዳቆመ ነው።