የእህቴን ልጅ ላምጣት ወይስ እዚያው ትጨርስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ለገጣፎ ነው። የእህቴ ልጅ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 10ኛ ክፍልን እየጨረሰች ነው። ወላጆቿ ገጠር ስለሆኑ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሯ ሄዳ ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። ለፋሲካ ሄጄ የፊዚክስ ደብተሯን ስገልጠው፣ መምህሩ ተዛውሮ ምትክ ባለመምጣቱ፣ ማስታወሻው ታኅሣሥ ላይ ስለ እንቅስቃሴ በሚያወሳው ምዕራፍ ቆሟል። ምኞቷ ሐኪም መሆን ነው። አምጥቼ አዲስ አበባ ላስተምራት?

መልስ፦ ከተማ ስለሆነ ብቻ ይሻላል ብለው ከሆነ አያምጧት፤ የደብተሩ ነገር ግን በቂ ምክንያት ነው። ተማሪዎች የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ የሚይዙት 11ኛ ክፍል ሲገቡ በመሆኑ፣ ዝውውሩ የሚያመቸው በዚህ ክረምት ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ በትምህርት ቤት በኩል ስለሚካሄድ፣ ለከርሞ ማቆየቱ ጣጣ ያመጣል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ማስተማሪያው እንግሊዝኛ ስለሆነ በዚያ በኩል አይስጉ።

አንድ ነገር ግን የዘነጉ ይመስለኛል። ለገጣፎ ዛሬ የኦሮሚያው የሸገር ከተማ አካል በመሆኑ፣ በአጠገብዎ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚተዳደረው በኦሮሚያ እንጂ በአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ አይደለም። አፋን ኦሮሞ በትምህርትነት ይሰጥ እንደሆነና አዲስ ገቢ ተማሪ እንዴት እንደሚስተናገድ ርእሰ መምህሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ወደ መሐል ከተማ ትመላለስ ካሉ ደግሞ ጠዋትና ማታ በታክሲ ሰልፍ የሚያልቀው ሰዓት ከጥናቷ ላይ የሚቀነስ ነው።

ስሙን ከመስማት ይልቅ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመው አንዱን የ11ኛ ክፍል ተማሪ «ባለፈው ሳምንት ስንት ክፍለ ጊዜ ፊዚክስ ተማራችሁ?» ይበሉት። ይህን ማጣራቱ ግድ ነው፦ ከ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ ከ2016ቱ ደግሞ 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ሕክምና የሚፈልገው ውጤት ከዚያም እጅግ የላቀ ነው።

ትራንስክሪፕቷን፣ የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ውጤቷንና መሸኛዋን ትምህርት ቤቷ ለክረምት ሳይዘጋ ትያዝ። በ10ኛ ክፍል ፊዚክስ ከእንቅስቃሴ ቀጥለው የሚመጡት የቁሶች መለጠጥና ሚዛን፣ ኤሌክትሪክ፣ ማግኔትና ብርሃን ስለሆኑ፣ የትም ብትማር ሐምሌና ነሐሴን ለእነዚህ የሚያስጠና ሰው ይፈልጉላት።