«ፕሮግራሙ ተቋረጠ» ልበል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ፖሊ ነው የምማረው። ለመመረቂያ ኢሙሌተር (የሌላን ኮምፒውተር ሥራ አስመስሎ የሚሠራ ፕሮግራም) እየሠራሁ ማብራሪያውን በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ ኢሙሌተሩን «አስመሳይ» ብዬዋለሁ። ኢንተራፕት (ፕሮሰሰሩ የያዘውን ትቶ ሌላ ጉዳይ እንዲያይ የሚያደርገው ምልክት) በመጣ ቁጥር ደግሞ «ፕሮግራሙ ተቋረጠ» እላለሁ። ጓደኛዬ አነበበና «ታዲያ ምኑ ነው የተበላሸው?» አለኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ጓደኛህ እውነት አለው። «ትምህርቱን አቋረጠ» የተባለ ልጅ ነገ ክፍል ይገባል ብሎ የሚጠብቅ የለም። ፕሮሰሰሩ ግን የያዘውን ለጊዜው ትቶ፣ የት እንደደረሰ መዝግቦ፣ የመጣበትን ጉዳይ ጨርሶ ይመለሳል። ግሡ ሌላም ጣጣ አለበት፤ እዚሁ ባሕር ዳር «አባይ ጣናን አቋርጦ ይወጣል» ስንል ሐይቁን አስቆመው ማለታችን አይደለም።

ስለዚህ «ኢንተራፕት»ን እንዳለ ተወው። «ኢሙሌተር»ንም እንደዚያው፤ አስመሳይ በኛ ሰፈር ስድብ ነው።

ልዩነቱን ግሡ ይሸከመው። ከውጭ የሚደርሰው፣ የኪቦርዱ ወይም የሰዓት ቆጣሪው፣ «መጣ» ይባል። ፕሮግራሙ አውቆ በትእዛዝ የሚያስነሣው፣ ለምሳሌ በ32 ቢት ሊኑክስ ከርነሉን (የሲስተሙን እምብርት) አገልግሎት የሚጠይቅበት ኢንተራፕት ቁጥር 128፣ «ጠራ» ነው። ለዜሮ ማካፈልን የመሰለው ደግሞ «ገጠመው»። ኤክስ86 በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት ላይ ሦስቱም 256 ቁጥሮች ባሉት አንድ ሰንጠረዥ ስለሚያልፉ አንድ ቃል የሚበቃ መስሎህ ይሆናል፤ ኮዱ ላይ ይበቃ ይሆናል፣ ጽሑፉ ላይ ግን አንባቢው ማን ምን እንዳደረገ ይጠፋበታል።

ዋናው ችግር ግን ግሡ ፊት በምትገባው «ሲ» ላይ ነው። «ትእዛዙ ሲያነብ ኢንተራፕት ይፈጠራል» ብትል አንብቧል ወይስ አላነበበም? አይታወቅም። አማርኛ ደግሞ ለዚህ አያንስም። የሚፈልገው የሜሞሪ ገጽ (የሜሞሪው አንድ ቁራጭ) ሲታጣ «ሊያነብ ሲል ገጹን አጣው» በል። ትእዛዙ አልተፈጸመም፤ የሚመዘገበው አድራሻ የራሱ ነው፣ ገጹ ሲመጣለት ያንኑ ትእዛዝ ይደግመዋል። ኢሙሌተርህም በመሃል የነካካውን ሬጅስተር (የፕሮሰሰሩን ትንሽ የውስጥ ማስቀመጫ) ወደነበረበት መመለስ አለበት። ስህተት ስንፈልግ የምንተክለው የማቆሚያ ትእዛዝ፣ ቁጥር 3፣ ሲሆን ግን «ፈጽሞ ሲያበቃ» ነው፤ የሚመዘገበው ቀጣዩ አድራሻ ነው። «ሊል ሲል» እና «ብሎ ሲያበቃ» እዚህ ጋ የአነጋገር ማሳመሪያ አይደሉም፣ ብታምታታቸው አንባቢህ ኮዱን ተሳስቶ ይጽፈዋል።

«ወዲያው» የሚለውንም ጠንቀቅ በል። የውጩ ኢንተራፕት የሚታየው ትእዛዝ ካለቀ በኋላ ነው፤ እንደ ኬሙ (QEMU) ትእዛዞችን በጥቅል የሚተረጉሙት ኢሙሌተሮች ደግሞ በጥቅልና በጥቅል መካከል ነው የሚያዩት። ያንተ በጥቅል የሚሠራ ከሆነ «ጥቅሉ እንዳለቀ» በልና ተገላገል።

ፕሮሰሰሩ ኢንተራፕቱን ለጊዜው አልቀበልም ሲል «ተሰረዘ» አትበል። «ታገደ» በል፤ የታገደ ተራውን ይጠብቃል፣ የተሰረዘ ግን ቀረ ማለት ነው። ኤክስ86 ላይ በቁጥር 2 የሚገባው እገዳ የማይዘው «የማይታገድ» ይባል። ይሄ ሁሉ ግን ለ«መጣ» ብቻ ነው። «ጠራ» እና «ገጠመው» ያልካቸው አጠገብ «ታገደ»ን አታስጠጋው፤ ለዜሮ ያካፈለ ፕሮግራም እገዳው ቢኖርም ባይኖርም ይገጥመዋል።